መጽሐፉ እንዴት እጅሽ ገባ? ስለ አንባቢዎች ምርጫ ለተጻፈ ትችት የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አንዲት ጓደኛዬ አንድ ጽሑፍ ላከችልኝ። «አንብቢውና ንገሪኝ» ብላ። ጽሑፉ አንባቢዎች «ከሁሉም የምወደው መጽሐፍ ይሄ ነው» እያሉ የሚደረድሩትን ዝርዝር የሚተች ነው። አንድ ጊዜ አነበብኩት። ማታ ደግሞ ደገምኩት። ጸሐፊው ብዙ ያነበቡ ሰው እንደሆኑ ያስታውቃል። አማርኛቸውም ደስ ይላል። ግን አልተስማማሁም። ዝም ብዬ ልለፈው ብልም ከሆዴ አልወጣ አለ።

ጽሑፉን ላላያችሁት ባጭሩ ልንገራችሁ። ጸሐፊው አምስት ነገር ይላሉ። አንደኛ፣ ዝርዝሩ ሁሌም ያው ነው፤ «ፍቅር እስከ መቃብር»፣ «ኦሮማይ»፣ ከዚያ ሁለት ሦስት የታወቁ ርዕሶች። ይህም ሰው ማንበብ ማቆሙን ያሳያል። ሁለተኛ፣ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን የሚጠሩት አብዛኞቹ በሬዲዮ የሰሙት እንጂ ያነበቡት አይደሉም። ሦስተኛ፣ የትርጉም ሥራና የጀብዱ ልብ ወለድ ከታላላቆቹ ጎን መሰለፉ ነውር ነው። አራተኛ፣ ሰው የሚመርጠው መጽሐፉን ሳይሆን ወጣትነቱን ነው። አምስተኛ፣ ስለዚህ ምርጫው ለምሁራን ይተው፤ በሠለጠነው ዓለም የሚደረገውም እንደዚያ ነው።

በቅደም ተከተል አልሄድም። ከሁሉም ያመመኝ ሁለተኛው ስለሆነ ከእሱ ልጀምር።

እናቴ ፊደል የቆጠረችው ትልቅ ሰው ሆና፣ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጊዜ ነው። ደብዳቤ ታነባለች። የመብራት ቢል ታነባለች። ወፍራም መጽሐፍ ግን ይከብዳት ነበር። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን የምታውቀው በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ ነው። ሬዲዮናችን በዳንቴል ተሸፍኖ ቁም ሳጥኑ ላይ ይቀመጥ ነበር። «ከመጻሕፍት ዓለም» ሊጀምር ሲል ዳንቴሉ ይገለጣል። ጎረቤታችን የራሷ ሬዲዮ ባትሪ ያለቀባት ጊዜ በርጩማዋን ይዛ ትመጣለች። እናቴ ሰፌዱን ጭኗ ላይ አድርጋ ምስር ትለቅማለች። ወጋየሁ ለፊታውራሪ መሸሻ አንድ ድምፅ ነበረው፣ ለጉዱ ካሳ ሌላ። ትንሽ እንደቆየ የእናቴ እጅ ሰፌዱ ላይ ቆሞ ይቀራል። ምስሩ ሳይለቀም ፕሮግራሙ ያልቃል። በዛብህ የሞተ ቀን ቤታችን እራት የተበላው በጣም መሽቶ ነው።

ዛሬ እናቴን «ከሁሉም የምትወጂው መጽሐፍ ምንድን ነው?» ብትሏት ሳታመነታ ስሙን ትጠራዋለች። ጸሐፊው «አላነበበችም» የሚሏት ይህችን ሴት ነው። እስቲ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ስለ ጉዱ ካሳ ይጠይቃት። አገር ምድሩ እብድ ያለው ሰው ከሁሉም የተሻለ ጤነኛ እንደነበር ትነግረዋለች። የወላጆቹ ስለት በዛብህን እንዴት አስሮ እንደያዘው ትነግረዋለች። በወይዘሮ ጥሩአይነት ላይ ያላትን ቅሬታም አትደብቀውም፤ ልክ የሠፈራችን ሴት እንደሆኑ አድርጋ ነው የምታማቸው። መጽሐፍ አንድ ሰው ውስጥ ገባ የሚባለው ከዚህ በላይ ምን ሲሆን ነው?

ደግሞስ «ንባብ» በእኛ አገር መቼ ነው የዓይን ሥራ ብቻ የሆነው? ንባብ ቤት የገባ የቆሎ ተማሪ ግእዝ ንባብ፣ ውርድ ንባብ፣ ቁም ንባብ እያለ በድምፅ ነው የሚወጣው። መምህሩ የሚያርሙት የሰሙትን ነው። ዳዊት «ይደገማል» እንጂ ዝም ተብሎ አይታይም። አያቴ ዳዊቷን ስትደግም ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ፣ ድምፅዋ ከፍ ዝቅ ሲል ትዝ ይለኛል። ያ ዳዊት ማኅደሩ ቆዳ ነው። የገጾቹ ጠርዝ በጣት ላብ ጠቁሯል። አንዳንዱ ገጽ ላይ የጧፍ ሰም ነጥቦ ፊደሉን ሸፍኖታል። አያቴ እዚያ ቦታ ስትደርስ አትቆምም ነበር፤ በቃሏ ታልፈዋለች። ከሁሉም የምትወደውን መጽሐፍ ጠይቋት የሚያውቅ ሰው የለም። ቢጠይቃት መልሱን አውቀዋለሁ።

«ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥም ቢሆን የሁለቱ ልጆች ፍቅር የተጀመረው በምንድን ነው? በዛብህ ሰብለ ወንጌልን ሊያስተምር ፊታውራሪ ቤት ገብቶ አይደለም እንዴ? አንዱ እያስነበበ፣ አንዷ እየሰማች፣ እየደገመች። ሐዲስ ዓለማየሁ መጽሐፉን ያሳተሙት በ1958 ዓ.ም. ነው። በዚያን ጊዜ ማንበብ የሚችለው ሕዝብ እጅግ ጥቂት ነበር። ፊደል ያልቆጠረው ገበሬ፣ ጠላ ጠማቂዋ፣ ዘበኛው ስለ መጽሐፉ ማውራት የጀመሩት በሬዲዮ ከሰሙት በኋላ ነው። ስለዚህ በጆሮ መድረሱን ከመጽሐፉ ታሪክ ቀንሶ ማውራት አይቻልም። ዛሬም ያ ድምፅ በስልክ ይደመጣል። የአክስቴ ልጅ ዋሽንግተን ታክሲ ሲነዳ በየሌሊቱ ያዳምጠዋል። እሱንም «አላነበብክም» ብለን ከሰልፉ እናስወጣው?

አሁን ወደ አንደኛው። ዝርዝሩ ይደጋገማል? አዎ፣ ይደጋገማል። እዚህ ላይ ጸሐፊው ልክ ናቸው። ያልተግባባነው ምክንያቱ ላይ ነው። እሳቸው «ሰው ስለማያነብ ነው» ይላሉ። እኔ «ሰው የሚያነበው ያገኘውን ስለሆነ ነው» እላለሁ።

ከጥቂት ሰዎች ጋር በወር አንድ ቅዳሜ የምንገናኝበት ትንሽ የንባብ ቡድን አለን። ባለፈው ዓመት የዳኛቸው ወርቁን «አደፍርስ» እናንብብ ተባለ። የመፈለጉ ሥራ ለእኔ ተሰጠ። «አደፍርስ» በ1962 የወጣ ልብ ወለድ ነው። ስለ አማርኛ ልብ ወለድ የሚያወራ ሰው ሁሉ ስሙን ያነሳዋል። ከለገሃር ጀመርኩ። የለም። ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ያሉትን አሮጌ መጽሐፍ ሻጮች ጠየቅሁ። የለም። መርካቶ ወረድኩ። አንዱ ሻጭ ስልኬን በማስታወሻው ላይ ጻፈና «እህቴ፣ ከመጣ እደውላለሁ፤ ግን ብዙ አትጠብቂ» አለኝ። ሌላው ከጀርባው ጎንበስ ብሎ በፌስታል የተጠቀለለ ነገር አወጣ። ፎቶ ኮፒ ነው። ገዛሁት።

ፎቶ ኮፒው ዘንበል ብሎ የተነሳ ነበር። በብዙ ገጾች ላይ የመጨረሻው መስመር ተቆርጧል። ያንን አንድ ቅጂ በየሳምንቱ እየተቀባበልን አሥራ አንድ ሰዎች አነበብነው። የተቆረጠውን መስመር አንዳንዱ በእርሳስ በግምት ሞልቶታል። መጨረሻ ላይ ስንገናኝ ስለ መጽሐፉ ያወራነውን ያህል ስለ ጎደሉት መስመሮችም ተከራክረናል። በነገራችን ላይ ያ ቅጂ በተገዛበት ሱቅ የፊት መደርደሪያ ላይ «ፍቅር እስከ መቃብር» አዲስ ልባስ ለብሶ ተደርድሮ ነበር። አንድ ወጣት እዚያ ሱቅ ቢገባ የትኛውን ይዞ ይወጣል? ያላየውን መጽሐፍ እንዴት አድርጎ ይውደድ?

መጽሐፍ እኛ አገር አንዴ ይታተማል፣ ያልቃል፣ ከዚያ ይጠፋል። የወረቀቱ ዋጋ ሲንር አሳታሚ የሚደፍረው ያለ ጥርጥር የሚሸጠውን ብቻ ነው። ያለ ጥርጥር የሚሸጠው ደግሞ ዝርዝሩ ላይ ያለው ነው። አዙሪቱ ይሄ ነው። ቤተ መጻሕፍት አለ ይባላል። አዎ፣ ወመዘክር ከ1936 ጀምሮ አለ። አብርሆትም በ2014 ተከፍቷል፤ ሄጄ አይቼዋለሁ፣ ደስ ይላል። ሁለቱም ግን አዲስ አበባ ናቸው። ወረዳ ከተማ ላይ ያለ ልጅ የሚያነበው ጎረቤቱ ያለውን ነው። ጎረቤቱ ያለው ደግሞ ከሦስትና ከአራት ርዕስ አይበልጥም። ከዚያ ልጁን «ምርጫህ ሁሌም አንድ ዓይነት ነው» ብሎ መውቀስ ፍርድ አይደለም።

ድሮ ቢያንስ ኪራይ ነበር። በየሠፈሩ ሱቅ መጽሐፍ በቀን ይከራያል። ሰው ሂሳቡ እንዳይቆጥርበት ሌሊቱን ሙሉ አንብቦ ጠዋት ይመልሳል። ታላቅ ወንድሜ ከአንባቢነት ደረጃ የደረሰው በዚያ መንገድ ነው።

እንዲያውም ዝርዝሩን መተቸት ካስፈለገ ጸሐፊው ያላዩት ትልቅ ጉድለት አለ። ሴቶች የሉበትም። አሥር ርዕስ ቢጠራ አሥሩም የወንድ ነው። ስንዱ ገብሩ «የልቤ መጽሐፍ»ን ያሳተመችው በ1942 ነው፤ «ፍቅር እስከ መቃብር» ከመውጣቱ 16 ዓመት በፊት ማለት ነው። በጣሊያን ጊዜ ተግዛ የታሰረች፣ በኋላም የመጀመሪያዋ ሴት የፓርላማ አባል የሆነች ሰው ናት። ቡድናችን ውስጥ የመጽሐፉን ስም የሰማች አንዲት መምህርት ብቻ ነበረች። እሷም አላነበበችውም፤ ያየችው ስሙን ነው። ከሴቶች ሥራ በእኛ ቡድን ተጠርቶ የሚያውቀው የሕይወት ተፈራ «ማማ በሰማይ» ነው። የጠሩት ደግሞ ያን የአብዮት ዘመን በሕይወት ያለፉት ናቸው። አንዷ መጽሐፉን ስታነሳ የታላቅ እህቷን ፎቶ ከቦርሳዋ አውጥታ አሳየችን። ከዚያ በላይ ምንም አልተናገረችም።

ሦስተኛው ነጥብ የትርጉምና የጀብዱ መጻሕፍት ጉዳይ ነው። ጸሐፊው «የሰው አገር ታሪክ እንዴት የእኛ ምርጥ ይሆናል?» ይላሉ። አንድ መጽሐፍ ብቻ ላንሳ። ነቢይ መኮንን በደርግ ዘመን እስር ቤት ሳለ የማርጋሬት ሚሸልን የአሜሪካ ልብ ወለድ አገኘ። እዚያ የነበረው አንድ ቅጂ ነው። ወረቀት የለም። ስለዚህ በሲጋራ ፓኮ ወረቀት ላይ መተርጎም ጀመረ። የተጻፈባቸው ቁርጥራጮች በድብቅ ከእስር ቤት ወጡ። በኋላም «ነገም ሌላ ቀን ነው» ተብሎ ታተመ።

ከቡድናችን አንድ ጡረተኛ ይህን መጽሐፍ ነው የመረጡት። እሳቸውም በዚያ ዘመን ታስረው ያውቃሉ። ምክንያታቸውን ሲናገሩ ስለ ልብ ወለዱ ዋና ገጸ ባሕርይ ስለ ስካርሌት አንድ ቃል አላነሱም። ያወሩት ስለ ወረቀቱ ነው። «የሲጋራ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ታውቃላችሁ?» አሉን። «ብርማው ጎን ቀለም አይቀበልም። ነጩ ጎን ነው የሚይዘው፤ እሱም ላብ ከነካው ይጠፋል። ስለዚህ ሰው እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ ጠርጎ ነው የሚጽፈው።» እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ እየጠረጉ አሳዩን። ነገ መኖሩን እርግጠኛ ያልሆነ እስረኛ «ነገም ሌላ ቀን ነው» የሚል መጽሐፍ ሲተረጉም ያ መጽሐፍ የማን ነው? የአሜሪካ ብቻ ነው እንዴ? እኔ እንደዚያ አልልም። የእኛም ነው። በእኛ እስር ቤት፣ በእኛ ቋንቋ፣ በእኛ ሲጋራ ወረቀት ላይ እንደገና ተጽፏል።

የጀብዱውን ነገር በአጭሩ ልለፈው። የማሞ ውድነህ የስለላ ትርጉሞች አንድ ሙሉ ትውልድ ከመጽሐፍ ጋር አስተዋውቀዋል። በ2001 የይስማዕከ ወርቁ «ዴርቶጋዳ» ሲወጣ ደግሞ የእህቴ ልጅ ከስልኩ ቀና ብሎ ለመጀመሪያ ጊዜ መጽሐፍ ይዞ አልጋው ላይ ተጋደመ። ሁለት ቀን አልተነሳም። እናቱ ታሞ መስሏት ትኩሳቱን ለካች። ከዚያ በኋላ ሌላ መጽሐፍ ስጪኝ አለኝ። እኔም ቸኩዬ የአዳም ረታን «ግራጫ ቃጭሎች» ሰጠሁት። ጥቂት ገጽ አንብቦ መለሰልኝ፤ አልገባውም። ጥፋቱ የእኔ ነበር። ሁለት ዓመት ቆይቶ ግን ራሱ መጥቶ ጠየቀኝ። አሁን አዳም ረታን ከእኔ በላይ ያውቀዋል። ከሁሉም የምትወደው ሲባል ግን እስከ ዛሬ «ዴርቶጋዳ» ነው የሚለው። ለምን ብዬ ጠይቄዋለሁ። «ማንበብ እንደምችል ያወቅኩት በእሱ ነው» አለኝ። ይህን መልስ የሚያሳፍር አድርጌ ላየው አልችልም።

«ሰው የሚመርጠው ወጣትነቱን ነው» የሚለውስ? ከፊሉ እውነት ነው። የሲሳይ ንጉሡን «ሰመመን» የሚጠሩ ሰዎች ፊት ላይ የዩኒቨርሲቲ ዘመናቸው ይታያል። ፈገግ ይላሉ፤ አንድ ስም ሊጠሩ ይሉና ይተዉታል። ግን ሁሉም ምርጫ ከደስታ ዘመን አይመጣም።

አንዲት የቡድናችን አባል ቤይሩት በሰው ቤት ሠርታ የተመለሰች ናት። አራት ዓመት ቆይታለች። ስትሄድ እናቷ በርበሬና ሽሮ ጠቅልለው ሻንጣዋ ውስጥ ከተቱላት። ሽሮው እንዳይፈስ የደገፉበት አሮጌ መጽሐፍ ነበር። ሽፋን የለውም። የመጀመሪያዎቹ ገጾችም ተቀድደው ወድቀዋል። ርዕሱም የደራሲው ስምም አይታወቅም። አራት ዓመት ሙሉ እጇ ላይ የነበረው የአማርኛ ጽሑፍ ያ ብቻ ነው። ማታ ሥራ ጨርሳ፣ ማድ ቤት አጠገብ ባለችው ጠባብ ክፍል ታነበዋለች። ያልቃል፤ እንደገና ትጀምረዋለች። የአፄ ቴዎድሮስ ዘመን ታሪክ ነው። ታንጉት የምትባል ሴት አለችበት። ስለዚህ በልቧ «የታንጉት መጽሐፍ» ትለው ነበር። በርበሬው ካለቀ በኋላም መጽሐፉ በርበሬ በርበሬ ይሸታል አለችን።

አገሯ ተመልሳ ቡድናችን ውስጥ ይህን ስትናገር መምህርቷ «ቆይ፣ ቆይ» አለች። በሚቀጥለው ወር የብርሃኑ ዘሪሁንን «የታንጉት ምሥጢር» ይዛ መጣች። ልጅቷ መጽሐፉን ተቀብላ የመጀመሪያውን ገጽ ገለጠች። አራት ዓመት ያልነበራትን መጀመሪያ ማለት ነው። ቆማ ነው ያነበበችው። እኛ ሻይ እየጠጣን ዝም አልን። ርዕሱን ሳታውቀው ርዕሱን ስትጠራው ኖራለች።

ይህች ሴት የመረጠችው ወጣትነቷን ነው? ያን ዘመን ማንም ሰው ተመልሶ ሊኖርበት አይፈልግም። የመረጠችው ያቆማትን መጽሐፍ ነው። ትዝታና ፍርድ ተለያይተው መቆም አለባቸው የሚለው ሐሳብ በወረቀት ላይ ያምራል። ሰው ግን መጽሐፍን የሚያነበው በአንድ ቀን፣ በአንድ ቤት፣ በአንድ ዕድሜ ነው። ያንን ከመጽሐፉ ላይ ልጦ ማውጣት አይችልም። እኔም አልችልም። ጸሐፊውም አይችሉም፤ ወደዚህ እመለስበታለሁ።

የመጨረሻው ነጥብ፣ ምርጫው ለምሁራን ይተው የሚለው ነው። በሠለጠነው ዓለምም እንዲህ ነው ይላሉ። ይህ ልክ አይደለም። የእንግሊዙ ቢቢሲ በ2003 እ.ኤ.አ. ሕዝቡን ራሱን ነው የጠየቀው፤ ሕዝቡም የቶልኪንን «የቀለበቶቹ ጌታ» አንደኛ አደረገ። አሜሪካኖች በ2018 እ.ኤ.አ. በሕዝብ ቴሌቪዥናቸው እንዲሁ አድርገው የሃርፐር ሊን ልብ ወለድ መረጡ። እንደውም ለክርክራችን የሚጠቅመው በ1998 እ.ኤ.አ. የሆነው ነው። ሞደርን ላይብረሪ የተባለው የአሜሪካ አሳታሚ ሁለት ዝርዝር አወጣ፤ አንዱ የባለሙያዎች፣ አንዱ የአንባቢዎች። ባለሙያዎቹ የጄምስ ጆይስን «ዩሊሲስ» አንደኛ አሉ። የአንባቢዎቹ አንደኛ የአይን ራንድ መጽሐፍ ሆነ። እሷ ብቻዋን ከመጀመሪያዎቹ አሥር ውስጥ አራቱን ያዘች። ተከታዮቿ ተደራጅተው ድምፅ እንደሰጡ ግልጽ ነው። ስለዚህ ጸሐፊው «ቆጠራ ይጠለፋል» ቢሉ ኖሮ እስማማ ነበር። እኔም ቆጠራውን አልወደውም።

ምሁራን ይምረጡ ሲባል ግን ጥያቄው ሌላ ይሆናል። ጠቃሚነትና መወደድ ይለያያሉ። ማንም የሥነ ጽሑፍ መምህር የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስን «ጦቢያ» ሳያነሳ አያልፍም። በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ የታተመ የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ ነው። ያለ እሱ ታሪኩ አይጻፍም። ነገር ግን «ከሁሉም የምወደው ጦቢያ ነው» ያለኝ ሰው እስከ ዛሬ አልገጠመኝም። ይህ ጦቢያን አያሳንሰውም። አንባቢውንም አያሳንሰውም። ምሁሩ «የትኛው መጽሐፍ ለሥነ ጽሑፋችን ምን አደረገ?» ብሎ ይጠይቅ። አንባቢው «ለእኔ ምን አደረገ?» የሚለውን ይመልስ። አንዱ የሌላውን ወንበር ለምን ይነጥቃል?

እኛ ቡድን ውስጥ መጀመሪያ እንደ ሁሉም ሰው ርዕስ ብቻ ነበር የምንጠይቀው። ያኔ የጸሐፊው ትችት በእኛም ላይ ይሠራ ነበር። ሰው ክብር ያለው የሚመስለውን ስም ይጠራና ይቀመጣል። ያላነበበውን የሚጠራም ነበር፤ ይህን አልክድም። በኋላ መምህርቷ አንድ ጥያቄ ጨመረች። «መጽሐፉ እንዴት እጅህ ገባ?» የሚል ነው። ነገሩ ሁሉ ተለወጠ። ያላነበበ ሰው ለዚህ መልስ የለውም። ያነበበ ሰው ደግሞ መናገር ሲጀምር አይቆምም። አንዱ ከሟች አባቱ ሣጥን ነው ያገኘሁት ይላል። አንዷ ከአለቃዬ ሰርቄ ነው ትላለች። የመልስ ድግስ ላይ በስጦታ የደረሰውም አለ። ርዕሶቹም መብዛት ጀመሩ። የከበደ ሚካኤል «ታሪክና ምሳሌ» መጣ፤ የያዙት ሰው ግጥሞቹን ከሁለተኛ ክፍል ጀምሮ በቃላቸው ያውቃሉ። የጸጋዬ ገብረ መድኅን «እሳት ወይ አበባ» መጣ። የአቤ ጉበኛ «አልወለድም» መጣ፤ ይዘውት የመጡት ሰው መጽሐፉ በታገደበት ጊዜ አባታቸው ጤፍ ጎታ ውስጥ ደብቀውት ነበር። ሲከፍቱት አሁንም ከስፌቱ ጥቂት ጤፍ ረገፈ።

አሁን ወደ ጸሐፊው። እስካሁን ስለ እርስዎ ነበር የማወራው፤ ይህችን ግን ለራስዎ ልበል።

በጽሑፍዎ መሃል ላይ አንድ አንቀጽ አለ። ስለ መደጋገም ሲያወሩ በዚያው ያለፉበት ነው። «ኦሮማይ»ን በአንድ ሌሊት አንብበው እንደጨረሱ ጽፈዋል። መጽሐፉ በጋዜጣ ተጠቅልሎ እንደመጣልዎ፣ ሻማውን ከአልጋው ሥር አድርገው እንዳነበቡት፣ ጠዋት ጎህ ሳይቀድ መመለስ እንደነበረብዎ ጽፈዋል። ከዚያ ወዲያው ወደ ትችቱ ተመለሱ። መጽሐፉ በ1975 ወጥቶ ወዲያው ከገበያ የተለቀመ መሆኑን፣ ደራሲው በዓሉ ግርማም በየካቲት 1976 ከቤቱ ወጥቶ እንዳልተመለሰ እኔም እርስዎም እናውቃለን። ያን መጽሐፍ በዚያ ጊዜ ቤት ውስጥ ማስገባት ምን ማለት እንደነበር ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል።

ከጽሑፍዎ ሁሉ የወደድኩት ያን አንቀጽ ነው። ለጓደኛዬም መልሼ የላክሁላት እሱን ብቻ ቆርጬ ነው። ግን ሳይጨርሱት ነው የተዉት። ጋዜጣውን የጠቀለለው ማን ነበር? ጎህ ሳይቀድ ለማን መለሱለት? ሲመልሱለት ምን አላችሁ? ያ ሰው አሁን አለ? እባክዎ ይህን ይጻፉልን። የሚቀጥለው ስብሰባችን በወሩ መጨረሻ ቅዳሜ ነው። ቢመጡ ደግሞ ወንበር አለ፣ ሻይ አለ። መምህርቷ መጀመሪያ የምትጠይቅዎን አስቀድሜ ነግሬዎታለሁ።